የበኩር አልበም፦ ከአምባሰል ቅኝት እስከ ውሉ ፊርማ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ አራት አምስት ሆነው ባንድ ያቋቋሙ ልጆች አልበም ሲያስቡ ቀድመው የሚጠይቁት የስቱዲዮ ዋጋ ነው። ስቱዲዮ ግን የሥራው ጅራት ነው። ብዙ የተሸጡትን የሮክ ባንዶች የበኩር አልበሞች ስንመረምር ዋናው ሥራ ማይክ ከመተከሉ በፊት አልቆ እናገኘዋለን። ዘፈኖቹ ሰው ፊት ቀርበው ተፈትነዋል፣ ማን ምን እንደሚጫወት ተለይቷል፣ ገንዘቡ ከማን ወጥቶ ለማን እንደሚመለስም ታውቋል። የሮክን ድምፅ ከወሎ ቅኝት ጋር አጋብቶ የመጀመሪያ አልበሙን ለማውጣት የተነሣ ባንድም በዚሁ ቅደም ተከተል ቢሄድ ይጠቀማል።

ቢትልስ የበኩር አልበማቸው ከያዛቸው 14 ዘፈኖች 10ሩን የቀዱት በአንድ ቀን ነው፤ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1963፣ ለንደን፣ ሁለት ትራክ (የድምፅ መስመር) ብቻ ባለው መቅጃ። አልበሙ በብሪታንያ ሰንጠረዥ ላይ 30 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። በአንድ ቀን መጨረስ የቻሉት ቸኩለው አልነበረም። ጀርመን፣ ሐምቡርግ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወቱ ስለከረሙ እጃቸውም ጉሮሯቸውም ዘፈኖቹን ለምዷቸዋል። ከዚያ ቀን አንድ ነገር መማር ይገባል፦ ከአባላቱ አንዱ ጆን ሌነን ጉንፋን ይዞት ስለነበር ጉሮሮ የሚቀደውን ዘፈን የመጨረሻ አደረጉት። ድምፃዊ የሚጮህበትን ዘፈን ጠዋት የሚያስቀዳ ባንድ የቀረውን ቀን በሻከረ ድምፅ ያሳልፋል።

ሌድ ዜፔሊን እ.ኤ.አ. በ1968 የመጀመሪያ አልበሙን በ36 የስቱዲዮ ሰዓት ገደማ፣ በ1,782 ፓውንድ ጨረሰ። ወደ ስቱዲዮ የገቡት ዘፈኖቹን በስካንዲኔቪያ ጉዞ ላይ ተጫውተዋቸው ሲመለሱ ነበር። ወጪውን የሸፈኑትም ጊታሪስቱ ጂሚ ፔጅና ሥራ አስኪያጁ ፒተር ግራንት ናቸው፤ አሳታሚ ፊት የቀረቡት ያለቀ ሥራ ይዘው ስለነበር ዋጋም ሥልጣንም መጠየቅ ችለዋል። ቦስተን የተባለው ባንድ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ። መሪው ቶም ሾልዝ ቀን ቀን ፖላሮይድ ኩባንያ ውስጥ በመሐንዲስነት እየሠራ፣ ማታ ማታ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ለዓመታት ሲቀዳ፣ ሲያጠፋና እንደገና ሲቀዳ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ያ አልበም አሜሪካ ውስጥ ብቻ 17 ሚሊዮን ቅጂ ተመስክሮለታል። ቢትልስ በአንድ ቀን፣ ቦስተን በዓመታት፤ ሁለቱም ጋ ያልተጣደፈው ዝግጅቱ ነው።

ወደ ወሎ እንምጣ። ከአራቱ ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ ስማቸውን የያዙት ከዚሁ ምድር ነው፤ ባቲ ሰኞ ሰኞ የሚደምቀው ገበያ፣ አምባሰል ደግሞ ተራራው። በኤሌክትሪክ ጊታር ማጀብም አዲስ አይደለም። የላሊበላን የቀድሞ ስም ይዞ የተነሣው ሮሃ ባንድ በካሴት ዘመን ስንቱን ድምፃዊ አጅቧል። ጃኖ ባንድ ደግሞ አሜሪካዊው ፕሮዲዩሰር ቢል ላስዌል በተሳተፈበት «ኤርታሌ» በተባለው የበኩር አልበሙ ከባድ ሮክንና የሀገር ቅኝትን አንድ ላይ አቅርቧል። ስለዚህ መሠረታዊው ጥያቄ «ይቻላል ወይ?» የሚለው አይደለም። የት ላይ እንደሚጋጭ ማወቅ ነው።

ግጭቱ የሚጀምረው ከጊታሩ ነው። ሮክ ጊታሪስት ዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን) ሲከፍት ሙሉ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) አይመታም፤ ሦስትና አራት የተለያየ ድምፅ በዲስቶርሽን ውስጥ ሲያልፍ እርስ በርሱ ተደባልቆ ይደፈርሳል። ስለዚህ መነሻውንና ከመነሻው አምስተኛውን ብቻ ይመታል፤ ዶ ከሆነ ዶና ሶልን። ፓወር ኮርድ የሚሉት ይህንን ነው። በሰባት ድምፅ ሙዚቃ ይህ አምስተኛ ሁሌም ማለት ይቻላል አለ። የእኛ ቅኝት ግን አምስት ድምፅ ብቻ ስላለው አንዳንዱ ቦታ ላይ አምስተኛው የለም።

የቅኝቱን መነሻ ዶ ብለን እንቁጠር። ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ከአምስቱ በአራቱ ላይ ፓወር ኮርድ ያለ ችግር ይቀመጣል፤ ሚ ላይ ብቻ ሲን ይጠይቃል፣ ሲ ደግሞ የለችም። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ ዶ፣ ሚና ፋ ላይ ይሠራል፣ ሶልና ሲ ላይ አይሠራም። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት (ከሬ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለችው)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ የሚሠራው ዶ፣ ሬ ፍላትና ፋ ላይ ነው። አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው፤ የሚሠራው ፋና ሶል ፍላት ላይ ብቻ ነው። ትዝታና ባቲ ሌላም ዓይነት አላቸው፤ ከላይ የተቆጠረው ሜጀር የሚባለው ነው። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ ልምምድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብዙ ሰዓት ያድናል።

አንቺሆዬ ላይ ችግሩ መነሻው ላይ ነው። ጊታሪስቱ በልማድ ዶ ላይ ፓወር ኮርድ ሲመታ ሶል ይመጣል፤ ቅኝቱ ያለው ግን ሶል ፍላት ነው። ድምፃዊቷ ሶል ፍላት ላይ ስታርፍ ጊታሩ ሶልን ይዞ ከቆየ ሁለቱ በግማሽ ድምፅ ልዩነት ይፋተጋሉ፤ አድማጭ ምክንያቱን ባያውቅም «ዘፋኟ ሳተች» ይላል። የሳተችው እሷ አይደለችም። መፍትሔው ጊታሩ ዶን በኦክታቭ (ከላይኛዋ ዶ ጋር) ብቻ እንዲመታ፣ ወይም ዶን ከፋ ጋር እንዲያጣምር ማድረግ ነው፤ ቤዙ ዶን ለብቻው ይያዝ። ከዚህም የተሻለው ኮርዱን ትቶ በነጠላ ድምፅ መሄድ ነው፤ ምክንያቱም ዶና ሶል ፍላት መካከል ያለው ርቀት ከባድ ሮክ የተወለደበት ርቀት ነው። ብላክ ሳባት እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣውና እሱም በአንድ ቀን የተቀዳው የበኩር አልበም የሚከፈተው በዚሁ ርቀት ላይ በተሠራ ዜማ ነው። እነሱ እንግዳ ነገር አግኝተው ነው የተጠቀሙበት፤ አንቺሆዬ ግን ከጥንቱም በውስጡ ይዞታል። ለሮክ ከአራቱ ቅኝቶች እጅግ የተመቸው፣ እስካሁንም በቅጡ ያልተነካው አንቺሆዬ ነው ብለን እናምናለን።

አምባሰል ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዶና ሬ ፍላት ጎረቤታሞች ናቸው። ጊታሪስቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የፊተኛው ክር ሳይታፈን ከቀረ ዲስቶርሽኑ ሁለቱን አብሮ ያጎላቸዋል፤ የሚሰማው የሚርገበገብ ጉርምርምታ ነው። የቀኝ እጅ መዳፍ ብሪጁ (የክሮቹ መቀመጫ) ላይ አርፎ ክሩን ማፈን አለበት። ኪቦርዱም ዜማው ሬ ፍላት ላይ ሲቆይ ዶን ዘርግቶ መያዝ የለበትም።

አምባሰልን ከልጅነቱ የሰማ ድምፃዊ ሬ ፍላትን በትክክል ጊታሩ ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት ዘንግ) ላይ አያስቀምጣትም፤ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ አድርጎ ያለሳልሳታል። የቅኝቱ ማር እዚያ ላይ ነው። ማሲንቆ ጣት ስለሚንሸራተትበት ይከተለዋል፣ ፍሬት ያለው ጊታር አይችልም። ስለዚህ ዜማውን ከድምፃዊው ጋር ማሲንቆ ይሂድ፣ ጊታሩ መሠረቱን ይያዝ። ስቱዲዮ ውስጥ ኦቶቱን (የዘፋኝን ድምፅ ወደ ቅኝቱ የሚስበው ፕሮግራም) የሚከፈት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የቅኝቱን አምስት ድምፆች ብቻ እንዲያውቅ ይሞላ፣ ፍጥነቱም ይቀነስ። ሜጀር ላይ እንደተቀመጠ ከተከፈተ ሬ ፍላቷን ወደ ዶ ወይም ወደ ሬ ይጎትታታል፤ አምባሰል የነበረው ዘፈን ምንም ያልሆነ ነገር ሆኖ ይወጣል።

ምቱ ላይ ደግሞ ድራመሩ ይቸገራል። የእኛ ብዙ ዘፈን በስድስት የሚቆጠር ነው፤ ሮክ ግን በአራት መቁጠር ይወዳል። ስድስቱን ሳይሰብሩ ሮክ ማድረግ ቀላል ነው፦ ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) 1 ላይ፣ ስኔር (ሹል ድምፅ ያለው ትንሹ ድራም) 4 ላይ፣ ሃይሃት (ጥንድ ጸናጽሉ) ስድስቱም ላይ። ከበሮው ስኔር ባረፈበት ላይ ሳይደርብ በመካከሉ ይግባ። ኮምፒውተሩ ላይ ፕሮጀክቱ ሲከፈት ገና ከመጀመሪያው 6/8 ተብሎ ይሞላ፤ ክሊኩም (ፍጥነት ጠባቂው ምት) በስድስቱ ላይ ይሰማ። በ4/4 ተከፍቶ የተቀዳን ዘፈን ኳንታይዝ ማድረግ (ምቶቹን በኮምፒውተር ማሰለፍ) ምቱን ወዳልሆነ መስመር ይጎትተዋል፤ እስክስታ የሚያስመታው ዘፈን ወታደራዊ ሰልፍ ይመስላል።

ይህ ሁሉ ተለይቶ ሲያበቃ ለ10 ዘፈን አልበም 14 ወይም 15 ዘፈን አዘጋጁ፤ ሁሉንም ቢያንስ ሦስት አራት ጊዜ ሰው ፊት ተጫወቷቸው። የትኛው ላይ ሰው ወሬ እንደሚጀምር፣ የትኛው ላይ አዝማቹን በሁለተኛው ዙር እንደሚቀበል ተመልከቱ። አራት አምስቱ ራሳቸው ይወድቃሉ። ልምምድ ላይ ደግሞ አንድ ስልክ ክፍሉ መሐል መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ቅዱ። በዚያ ቅጂ ግጥሙ የማይሰማ ከሆነ ጥፋቱ የስልኩ አይደለም፤ ድምፃዊው በሚዘፍንበት ቦታ ላይ ሁለት ጊታርና ኪቦርድ አብረው እየሮጡ ነው። የአማርኛ አድማጭ ግጥም ይፈልጋል። ሰሙ ካልተሰማው ወርቁን አይቆፍርም።

ቀረጻው ከፊሉ ቤት ውስጥ የሚካሄድ ከሆነ የወሎን አየር ማወቅ ያስፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ድራምና ድምፅ መቅዳት አይታሰብም፤ የበልጉም ዝናብ ያው ነው። ከጥቅምት በኋላ ያሉት ወራት ይመረጣሉ፤ ግን ደሴ ላይ ጠዋቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀትር ላይ ይሞቃል፣ የጊታር ክር ከሙቀቱ ጋር ይረግባል ይወጠራል። በየቅጂው መሐል መቃኛውን መመልከት ግድ ነው፤ ጠዋት የተቀዳ ጊታር ላይ ከሰዓት በኋላ ሌላ ጊታር ሲደረብ የማይገጥመው በዚህ ነው። አዲስ ክር ከቀረጻው አንድ ቀን በፊት ይታሰር፣ እየተጎተተ ይለማመድ። የከበሮ ቆዳ እርጥበት ሲነካው ይላላል፤ ፀሐይ ላይ ወይም እሳት አጠገብ ሞቅ ተደርጎ ይወጠራል፣ ከዚያ ሳይቀዘቅዝ ይቀዳል።

ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ብዙ ይታያል፤ ጥቅሙ እምብዛም ነው። ወፍራም ባና ወይም ፍራሽ ይሻላል፤ ባናውንም ግድግዳው ላይ ከመለጠፍ አንድ ስንዝር አርቆ መስቀል ወፈር ያለውን ድምፅ ጭምር ይውጣል። የጊታር አምፕ ማይክ ከጨርቁ ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይጠጋ፣ ግን የስፒከሩን መሐል ትክክል አይይ፤ መሐሉ ላይ ሲሆን ድምፁ ይሰላል፣ ወደ ዳር ሲሄድ ይለዝባል። አንድ ጣት ያህል ማንቀሳቀስ ኢኪው (የቀጭንና የወፍራም ድምፅ ማስተካከያ) ላይ ግማሽ ሰዓት ከመልፋት ይበልጣል። ዲስቶርሽኑም ልምምድ ላይ ከለመዳችሁት ይቀነስ፤ ሁለት ጊታር ሲደራረብ ራሱ ይከብዳል።

ለድራም አራት ማይክ ይበቃል፤ አንድ ለኪክ፣ አንድ ለስኔር፣ ሁለት ከላይ። የላይኞቹ ሁለቱ ከስኔሩ እኩል መራቅ አለባቸው። አንድ ሲባጎ ውሰዱ፤ አንዱን ጫፍ ስኔሩ መሐል ላይ ያዙና ሌላውን እስከ መጀመሪያው ማይክ ወጥሩ፣ ቦታውን ቋጠሮ አድርጉበት፤ ያንኑ ሲባጎ ወደ ሁለተኛው ማይክ አዙራችሁ ቋጠሮው ላይ እስኪደርስ ማይኩን አስተካክሉ። ይህ ካልተደረገ የስኔሩ ድምፅ ሁለቱ ማይክ ላይ በተለያየ ጊዜ ስለሚደርስ፣ ሲደመር እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ስኔሩ ቀጥኖ ባዶ ጣሳ ይሆናል። በኋላ ሚክሲንግ (የተቀዱትን ድምፆች ማመጣጠን) ላይ ለመጠገን የሚያስቸግር ጥፋት ነው።

በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርትዝ ቅዱ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከ−12 እስከ −6 ዴሲቤል መካከል ይሁን። ቀይ ከነካ አይመለስም፤ ዝቅ ብሎ የተቀዳን ግን ማንሣት ይቻላል። በዚህ ልክ አንድ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ 16 ትራክ ያለው የ4 ደቂቃ ዘፈን 550 ሜጋባይት ነው ማለት ነው። አሥር ጊዜ ደጋግማችሁ ከቀዳችሁ ለአንድ ዘፈን 5.5 ጊጋባይት ይሆናል። ሁለት ውጫዊ ዲስክ ግዙ፣ ማታ ማታ ገልብጡ፣ አንደኛው ሌላ ቤት ይደር። መብራት ስለሚቆራረጥ ኮምፒውተሩና ኢንተርፌሱ (ማይኩን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘው) ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ላይ ይሁኑ። ጊታሩ እምም የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ካሰማ ተጫዋቹ በቀስታ ዞር ዞር እያለ ይሞክር፤ ከትራንስፎርመርና ከኮምፒውተር ስክሪን ርቆ፣ በአንድ አቅጣጫ ሲቆም ይቀንሳል።

ሚክሲንግ ላይ የወሎ ሮክ ዋና ፈተና ታች ያለው ድምፅ ነው። ኪክ፣ ቤዝና ከበሮ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይጋፋሉ። ሦስቱንም ማጉላት አይቻልም፤ ለኪክ ታችኛውን ተዉለት፣ ከበሮውን ከታች ቆርጣችሁ የቆዳው ጥፊ እንዲሰማ አድርጉ። ሁሉ ካለቀ በኋላ በአንዲት የስልክ ስፒከር ስሙት፤ ከዚያ ሚኒባስ ውስጥ። ብዙው ሰው የሚሰማው እዚያ ነው። ማስተሪንግ (የመጨረሻው የድምፅ ማጠናቀቂያ) ላይ ደግሞ ድምፁን እስኪደነቍር ማስጮህ ጥቅም የለውም፤ ስፖቲፋይና ዩቲዩብ −14 ሉፍስ (የጩኸት መለኪያ) አካባቢ ላይ መልሰው ዝቅ ያደርጉታል። የደረሰባችሁ ጉዳት ብቻ ይቀራል። ጫፉ ከ−1 ዴሲቤል አይለፍ።

ውሉ ከቀረጻው በፊት ይፈረማል። ብዙ የሚያጣላው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ወጪው የሚመለሰው ከየትኛው ድርሻ ነው? በምሳሌ እንየው። አሳታሚው 600,000 ብር አወጣ እንበል፤ አልበሙ 1,000,000 ብር አስገባ፤ የባንዱ ድርሻ 20 በመቶ ነው። ውሉ «ወጪው ከባንዱ ድርሻ ይቀነሳል» የሚል ከሆነ፣ የባንዱ 200,000 ብር በሙሉ ለዕዳ ይገባል፤ ባንዱ አሁንም 400,000 ብር አልከፈለም፣ አሳታሚው ግን 800,000 ብሩም 200,000 ብሩም ደርሶታል። ውሉ «ወጪው ከጠቅላላው ገቢ ይነሣና ቀሪው ይከፈላል» የሚል ከሆነ ደግሞ 400,000 ብር ይቀራል፤ በዚያው 20 በመቶ ባንዱ 80,000 ብር ይዞ ይወጣል፣ እኩል ከሆነ 200,000። ሽያጩ አንድ ነው፤ የለየው አንድ ቃል ነው። አልበሙ በየሱቁና በየታክሲው እየተሰማ አባላቱ የቤት ኪራይ የሚያጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ያሳዝናል፣ በትንሽ ጥንቃቄም ይቀር ነበር።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቶቹን ለያይቶ ያስቀምጣቸዋል። ግጥምና ዜማ የደራሲው ናቸው፤ የገንዘብ መብቱ በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። የተጫዋቾች መብት 50 ዓመት ነው፣ የድምፅ ቅጂው አዘጋጅ መብትም 50 ዓመት። ስለዚህ «አልበሙን ሸጥኩ» ማለት የትኛውን? ውሉ ላይ ማስተሩ (ዋናው ቅጂ) የማን እንደሆነ፣ የጥሪ ማሳመሪያና የዩቲዩብ ገቢ እንዴት እንደሚከፈል፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ በቁጥር ይጻፍ። ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ሲፈጠርና ሲቀረጽ ነው፤ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገቡ ግን ክርክር ሲነሣ ማስረጃ ይሆናል።

ከአሳታሚው በፊት ደግሞ እርስ በርስ። ለእያንዳንዱ ዘፈን ግጥሙ፣ ዜማውና ቅንብሩ የማን እንደሆነ በመቶኛ ተጽፎ ሁሉም ይፈርም፤ ዘፈኑ ያለቀበት ዕለት ማታ፣ ሳይታደር። የሕዝብ ዜማ ከሆነ «የሕዝብ» ተብሎ ይጻፍ። አምባሰልን ወይም ባቲን አንድ ሰው በስሙ ሊያስመዘግበው አይገባም፤ በራሱ ቅንብር ላይ ግን መብት አለው። የባንዱ ስምም የማን እንደሆነ፣ አንድ አባል ሲወጣ ምን እንደሚሆን በዚያው ወረቀት ላይ ይግባ።

መውጫው ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ገንስ ኤንድ ሮዝስ በጁላይ 1987 ያወጣው የበኩር አልበም አሜሪካ ውስጥ አንደኛ የሆነው በኦገስት 1988 ነው፤ ዓመት አልፎት። እስከዚያ ሲጫወቱ፣ ቪዲዮ ሲያወጡ ነበር። ገንዘቡን ሁሉ ቀረጻው ላይ የጨረሰ ባንድ ይህን ዓመት አይሻገረውም፤ ቢያንስ ለሁለት ቪዲዮና ለጉዞ የሚሆን ይተርፍ። አንድ ነጠላ ዘፈን ከሁለት ወር በፊት ይውጣ። ለእያንዳንዱ ዘፈን 12 ፊደልና ቁጥር ያለው አይኤስአርሲ መለያ ከአከፋፋዩ ተቀበሉ፤ የባንዱና የደራሲዎቹ ስም በሁሉም ቦታ በአንድ አጻጻፍ ይግባ፣ ካልሆነ ገቢው በሁለት ሰው ስም ተከፍሎ ይቀራል።

ቀኑን ስትቆርጡ የኢትዮጵያንና የሂጅራን ዘመን መቁጠሪያ ጎን ለጎን ዘርጉ። የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ዋዜማ የተለመደ የአልበም ወቅት ነው፤ ወሎ ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ግቢ የሚኖርበት ሀገር ነውና ዐቢይ ጾምም ረመዳንም መድረኩን ያቀዘቅዙታል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ፣ ባለፈው ዓመት የተመቸ ቀን ዘንድሮ ጾም ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ አዳራሹን ከመያዛችሁ በፊት ሁለቱንም ቁጠሩ።